«ለአማኝ ብቻ» የሚከራይ ክፍል

መስከረም ሲገባ ጉለሌ አዳዲስ ፊቶች ይበዙበታል። በአዲሱ ገበያ፣ በሽሮ ሜዳ፣ በቀጨኔና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ሻንጣ የያዙ ወጣቶች በየግድግዳው የተለጠፈውን ወረቀት እያነበቡ፣ ደላላ ተከትለው ከአንዱ ቅያስ ወደ ሌላው ሲዞሩ ታያላችሁ። መንግሥት የመደባቸው ተማሪዎች ግቢ ውስጥ አልጋ ያገኛሉ፤ ዶርሙ ቢጠብም አልጋ አልጋ ነው። የስድስት ኪሎው ግቢ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የለቀቁት የቀድሞ ቤተ መንግሥታቸው ገነተ ልዑል ነው፤ ቤተ መንግሥትም ቢሆን ግን ለሁሉ አይበቃም። በግል ኮሌጅ የሚማረው፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የተመዘገበው፣ ቀን እየሠራ የሚማረው ማደሪያውን ራሱ መፈለግ አለበት። የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቤት ጀርባ የተሠራች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፤ የውኃ ቧንቧው የጋራ ነው፤ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው፤ የውጭው በርም አንድ ነው።

ደጁ ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ቤት የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። ስንት ናችሁ? ማታ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? ኪራዩን የሚከፍለው ማን ነው? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሌላ ይመጣል፦ «የት አገር ልጅ ነህ?» ስሙን ሰምተው፣ አነጋገሩን አዳምጠው፣ ሳይጠይቁ የሚወስኑም አሉ። ትናንት በስልክ ባዶ የነበረው ክፍል ዛሬ በአካል ሲደርሱ «ተይዟል» ይሆናል። በእኛ በወንጌላውያን መካከል ደግሞ የራሳችን አባባል አለን። በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በወጣቶች ኅብረት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ ከአምልኮ በኋላ ሻይ እየተጠጣ በሚደረግ ወሬ «የሚከራይ ክፍል አለ፤ ለአማኝ ብቻ» ይባላል። አንዳንዱ ለስለስ አድርጎ «አማኝ ቢሆን ይመረጣል» ይላል።

ልጽፍበት የፈለግሁት ስለዚህች «ለአማኝ ብቻ» ስለምትለው ነው። ብሔር እየጠየቀ ተማሪን ከደጅ የሚመልስ ሰው እንደሚሳሳት አብዛኞቻችሁ ያለ ክርክር ትስማማላችሁ። ሃይማኖት እየጠየቀ የሚመልሰውስ? በተለይ መላሹ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹም እኛ ስንሆን? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ለአከራዮቹ ልሟገትላቸው። ባሏን በሞት ያጣች አንዲት እናት አስቡ። ጡረታው ለወር አስቤዛ አይበቃም፤ ኑሮዋ የቆመው በጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ኪራይ ነው። የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ተከራዩ ወጥቶ የሚገባው በሳሎኗ መስኮት ሥር ነው። ሰክሮ ቢመጣ፣ ክፍሉን የጫት ቤት ቢያደርገው፣ ሦስት ወር ሳይከፍል ቆይቶ «ውጣ» ስትለው ቢዝትባት ማን ይደርስላታል? ከስሳ እስክታስወጣው ድረስ በምን ትኖራለች? ስለዚህ የምታውቀውን ምልክት ትይዛለች። አማኝ ከሆነ አይጠጣም፣ ቢያጠፋም ለመጋቢው እነግርበታለሁ ትላለች። ይህ ጥላቻ አይደለም። ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ዕድሜያቸው የገፉት ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ቀርቶ ነበር። ቤቱን የተነጠቀ ሰው ወይም ልጁ «በግቢዬ ማን እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ» ሲል ያለ ምክንያት አይደለም።

የእናቲቱን ፍርሃት እረዳዋለሁ፤ መፍትሔዋን ግን አልቀበለውም። የማልቀበልበትንም ምክንያት ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መካከል ለማንበብ ከሚከብዱት በአንዱ ልጀምር።

መሳፍንት 19 ለሕፃናት ክፍል አይነገርም፤ ባይነገርም ደግ ነው። አንድ ሌዋዊ ከቤተ ልሔም ወደ ተራራማው የኤፍሬም አገር ሲመለስ ኢያቡስ አጠገብ፣ ማለትም የኋለኛይቱ ኢየሩሳሌም አጠገብ፣ ቀኑ ይመሽበታል። አሽከሩ እዚሁ እንደር ይለዋል። ጌታው እምቢ ይላል፤ የከተማይቱ ሰዎች እስራኤላውያን አይደሉማ! ወገኖቻችን ወዳሉበት እንለፍ ብሎ እስከ ጊብዓ ይሄዳል። ጊብዓ የብንያም ናት፤ ያው የራሱ ሕዝብ፣ ያው የራሱ አምላክ። አደባባዩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያሳድረው ሰው ግን ያጣል። ስንቁን ይዟል፤ የአህዮቹን ገለባ እንኳ ይዟል፤ የጎደለው ጣሪያ ብቻ ነው። በመጨረሻ በሩን የከፈተለት ከእርሻ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ነው። እርሱም የጊብዓ ተወላጅ አልነበረም፤ ከኤፍሬም መጥቶ በእንግድነት የተቀመጠ ነበር። በዚያች ሌሊት ከሌዋዊው ጋር በነበረችው ሴት ላይ የደረሰውን ራሳችሁ አንብቡት። ያደረጉት ሰዎች ባዕዳን አልነበሩም።

ታሪኩ ኢያቡሳውያን ደጎች ነበሩ አይልም፤ እዚያ ቢያድር ምን ይገጥመው እንደነበር አልተጻፈም። የተጻፈው «የእኛ» የሚለው ስም ለሌዋዊው ምንም ዋስትና እንዳልሆነው ነው። ስሙን አምኖ፣ የደረሰበትን ከተማ አልፎ ሄደ። ከጊብዓ ሰዎችም ሁሉ ለመንገደኛው የራራው፣ ሰው አገር መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቀው አንዱ ሽማግሌ ብቻ ሆነ።

ወደ ጓሮዋ ክፍል እንመለስ። እናቲቱ የምትፈራው ስካርን፣ ብጥብጥን፣ ኪራይ መብላትን ነው። የምትጠይቀው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። «አማኝ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏን መናገር ደግሞ ምንም አያስከፍልም። እስቲ ደጁ ላይ ሦስት ተማሪዎች ቆመዋል እንበል። አንዷ ከወሎ የመጣች፣ ሒጃብ ያደረገች የነርስ ተማሪ ናት። አንዱ ከመንዝ የመጣ፣ ማተብ ያሰረ የአካውንቲንግ ተማሪ ነው። ሦስተኛው በእኛው ቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ አሁን ግን ከቤት የሚላክለትን የኪራይ ገንዘብ በስፖርት ውርርድ የሚጨርስ ልጅ ነው። ሁለቱ እውነቱን ተናግረው ይመለሳሉ። ሦስተኛው መዝሙሮቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ የመጋቢውን ስም ያውቃል፤ «ጌታ ይባርክዎት እማማ» ማለትም ያውቅበታል። ስለዚህ ይገባል። ወንፊቱ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን አስቀረ ማለት ነው። ክፉዋን ቀን ልትከላከልበት የተማመነችበት ጥያቄ፣ አንደበት የሚያውቀውን ሁሉ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የሚብሰው ጥያቄው በተጠያቂው ነፍስ ላይ የሚያደርሰው ነው። ማደሪያ የጨነቀው ልጅ ማተቡን ከአንገቱ ፈቶ ኪሱ ውስጥ እየከተተ «ጌታን ተቀብያለሁ» ቢል፣ የዋሸው እርሱ ነው፤ ዋጋውን ያቀረብንለት ግን እኛ ነን። ሰው ንስሓ ገብቶ፣ በእንባ ሊናገረው የሚገባውን ቃል የክፍል ቁልፍ መክፈያ አደረግነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምናስተምር ሰዎች ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ «የአባልነት ደብዳቤ ይጻፍልኝ፤ ቤት ልከራይበት ነው» የሚሉ ወጣቶች ይመጣሉ። ደብዳቤው የሚለው ይህ ሰው በዚህ ዓመተ ምሕረት ተጠመቀ፣ በዚህ ኅብረት ያገለግላል ነው። ኪራዩን በሰዓቱ ይከፍላል አይልም፤ ሊልም አይችልም። አከራዩ ግን እንደዚያ አድርጎ ያነበዋል። ልጁ ኪራይ በልቶ የጠፋ ቀን ስሙ የሚነሣው የልጁ ብቻ አይሆንም።

«ገላትያ 6፥10ስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጳውሎስ ለሁሉ መልካም እንድናደርግ፣ ከሁሉም ይልቅ በእምነት ለሚዛመዱን እንድናደርግ መክሯል። በዚህ ጥቅስ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የገበያውን ኪራይ ሙሉ በሙሉ፣ ከነቅድሚያ ክፍያው የሚቀበል አከራይ ለተከራዩ መልካም እያደረገለት ነው ወይስ እየነገደ? ንግድ ነውር አይደለም፤ ንግድ መሆኑን ግን እንመን። ጥቅሱን ሊፈጽም የሚወድ ሰው ለአንድ ችግረኛ አማኝ ተማሪ ክፍሉን በግማሽ ዋጋ ይስጠው፣ ወይም በነጻ ያሳድረው። ያን ጊዜ «ለአማኝ» ብሎ ቢጽፍ አፌን እይዛለሁ፤ ስጦታ የሰጪው ነውና። ዋጋውን ሳይቀንሱ ሰውን ብቻ መምረጥ ግን ለራስ ምቾት የሚደረግ ነው፤ የጳውሎስን ቃል አያሻግሩበት። 2 ዮሐንስ 10ን የሚጠቅሱም አሉ። እዚያ ወደ ቤት አይግባ የተባለው የስሕተት ትምህርት ይዞ የሚዞር መምህር ነው እንጂ ክፍል ፈልጎ የመጣ የነርስ ተማሪ አይደለም።

ዕብራውያን 13 ሲጀምር ሁለት ፍቅሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በግሪክኛው የመጀመሪያው ፊላደልፊያ ነው፣ የወንድም ፍቅር፤ ሁለተኛው ፊሎክሴኒያ ነው፣ የእንግዳ ፍቅር። በአማርኛችን ሁለተኛው «እንግዳ መቀበል» ስለሚባል ፍቅርነቱ በቶሎ አይታየንም። ጸሐፊው አንዱ ለሌላው ምትክ እንዲሆን አልፈቀደም። ይህን ለመረዳት ደግሞ የእኛ አገር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። በገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። ያ ልማድ ለአንድ ሌሊት ነበር እንጂ ለሁለት ዓመት አልነበረም ብትሉኝ ልክ ናችሁ፤ ልዩነቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አስተውሉት።

ደግሞም ይህ ሰፈር ለምርጫችን ምስክር ይሆንብናል። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ ይኖሩ የነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ስም ነው። በኋላ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፈሩ፤ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ኖሩ። በአገራችን የእጅ ሙያተኛ ለዘመናት የተናቀ ነበር። ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ በጎረቤትነት የማይፈለግበት ጊዜ ነበር፤ «ቀጥቃጭ» እና «ፋቂ» ስድብ ሆነው ቀርተዋል። ዛሬ በሠርግና በበዓል የምንለብሰውን ጥበብ የምንገዛው ከእነዚሁ ሰዎችና ከልጆቻቸው ነው።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በማን ቤት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። ለአይሁዳዊ የሞተ እንስሳ ቆዳ የሚነካ ሰው ቤት ለማደሪያ የሚመረጥ አልነበረም። እግዚአብሔር ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ለጴጥሮስ ያሳየው በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ወዲያው የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች ደጁን መቱ። ጴጥሮስም ጠርቶ አስገባቸውና አሳደራቸው፤ ያውም በሰው ቤት፣ ራሱ እንግዳ ሆኖ ሳለ። ስምዖን ምን እንዳለ አልተጻፈም። እኔ ግን እንግዳው እንግዳ ሲያመጣበት ዝም ያለውን ይህን ሰው እወደዋለሁ።

የእኛም ታሪክ አለ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ስትዘጋ አባሎቿ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየሆኑ ተሰበሰቡ፤ በ1983 ዓ.ም. በይፋ ሲወጡ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። ስለ እድገቱ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ቤቶቹ ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ቤቶች ጎረቤት ነበራቸው። ጭቃ ግድግዳ ሹክሹክታ አይሰውርም። በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ አረጋውያንን ጠይቁ፤ የሚሰሙትን እየሰሙ፣ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ እያዩ፣ ለቀበሌ ያልተናገሩ የሌላ እምነት ጎረቤቶች እንደነበሯቸው ይነግሯችኋል። «ጴንጤ» ተብሎ ቤት የተከለከለም በመካከላችን ሞልቷል። ያን ጊዜ ግፍ ነው ያልነውን ዛሬ ቁልፉ በእኛ እጅ ሲሆን ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም። ማቴዎስ 7፥12 ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሰው ማንንም የመምረጥ መብት የለውም አልልም። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የሚበላሸው «ደባል» እና «ተከራይ» ስለሚቀላቀሉ ነው። ደባል ማለት በአንዲት ክፍል አብሮህ የሚያድር፣ በአንድ ምድጃ አብሮህ የሚያበስል ነው። አንዱ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም ሌላው ሥጋ ይጠብሳል፤ አንዷ ለሶላት ስትነሣ ሌላዋ ገና መተኛቷ ነው። ተከባብረው የሚኖሩ አሉ፤ አይቻለሁ፣ ደስም ይላል። ነገር ግን አብራህ የምትጸልይ ወይም አብሮሽ የሚያጠና ሰው ፈልገሽ ደባል ብትመርጪ ማንንም አልበደልሽም። ጓደኛ እንደመምረጥ ነው። ኢማኑኤል ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት ይህን መሰል ልዩነት አድርጓል። መንገደኛ በደረሰበት አገር እንደ ጠላት አለመቆጠር መብቱ ነው፤ የቤቱ አባል ሆኖ መኖር ግን የተለየ ስምምነት ይፈልጋል ይላል። የገጠሩ የአንድ ሌሊት እንግዳና የሁለት ዓመቱ ተከራይ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ተከራይ እንግዳም ደባልም አይደለም፤ በዋጋና በውል የሚኖር ጎረቤት ነው።

ባለቤቱ እዚያው ግቢ ሲኖርስ? አሜሪካኖች በዚህ ተጨንቀው ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ በሚያዝያ 1968 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ሕግ ቤት አከራይ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱና በትውልድ አገሩ እንዳይከለክል ደነገገ። በክርክሩ ወቅት «ሚስስ መርፊ» የሚሏት በሐሳብ የተፈጠረች ሴት ነበረች፤ በቤቷ ጥቂት ክፍል እያከራየች የምትተዳደር፣ ከላይ ያነሣኋትን እናት የምትመስል። ሕጉ ለእርሷ ራራላትና ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን፣ ከአራት መኖሪያ ያልበለጠ ቤት ከክልከላው ነጻ አደረገው። አንድ ነገር ግን ለእርሷም አልፈቀደም፤ ለእገሌ ብቻ ብሎ ማስታወቂያ ማውጣትን። መጀመሪያ ስሰማው ግማሽ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ጥበብ አለው። በልብ ያለውን ፍርሃት አዋጅ አያወጣውም። በአደባባይ የተጻፈ «አትምጣ» ግን አከራዩን ጨርሶ የማያውቀውን፣ ሊከራይም ያላሰበውን መንገደኛ ሁሉ ይመልሳል። የእኛ ሰሌዳ ደግሞ የግለሰብ አጥር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈውን ሰው የሚያነበው የእገሌ ቃል አድርጎ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኗ ቃል አድርጎ ነው።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው። ደባል ምረጡ። የጓሮ ክፍል የምታከራይ እናት ከፈራች ፍርሃቷን በስሙ ጠርታ ትጠይቅ። ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ለማያየው ተከራይ የሚያከራየው ወንድም ግን ሃይማኖት የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት አይታየኝም፤ ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው የባንክ ሒሳቡ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ደግሞ «ለአማኝ ብቻ» የሚል ባይለጠፍ እወዳለሁ።

ፍርሃትን በስሙ መጥራት ማለት ይህን ነው። በፊት የት ነበርክ? የድሮ አከራይህን ስልክ ስጠኝ። ተያዥ አለህ? መጠጥና ጫት በግቢዬ አልፈቅድም፤ በሩ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ትስማማለህ? ከወሎ የመጣችው ልጅ ለእነዚህ ሁሉ መልስ አላት። የውርርዱ ልጅ የድሮ አከራዩን ስልክ ሲጠየቅ ይንተባተባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለሁለቱም ወገን መያዣ ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ብዙ አከራይ ከምዝገባ ይሸሻል፤ ብዙ ተማሪም ክፍሉ እንዳያመልጠው ዝም ይላል። በቃል ብቻ ሲስማሙ ግን ሁለቱም የሚተማመኑበት ስለሚያጡ መልሰው ወደ ብሔርና ወደ ሃይማኖት ይሄዳሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ሰው የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ይናገራል፤ ያ ነጻነት እስከ ጓሮዋ ክፍል የሚደርሰው በእንደዚህ ያለ ትንሽ ወረቀት በኩል ነው።

ተከራዮቹን ሳልነካ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል፤ እናንተ ናችሁና። ሁለት ነን ብሎ ገብቶ አራት ሆኖ ማደር ልማድ ሆኗል። ኪራዩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ውኃው በፈረቃ የሚመጣበት ግቢ ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ሰው ማለት የእናቲቱ በርሜል ቶሎ ባዶ ሆነ ማለት ነው። አራት ከሆናችሁ አራት ነን በሉ፤ ዋጋውን ተከራከሩ። ደግሞ ስለ ሌሊት ጸሎት እናውራ። አንዳንድ አከራይ «ለጴንጤ አላከራይም» ሲል ትምህርታችንን ጠልቶ ይመስለናል። ያነጋገርኳቸው አንዳንዶቹ ግን ስለ ትምህርታችን ምንም ቅሬታ የላቸውም። ቅሬታቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በቀጭን ግድግዳ በኩል ስለሚሰማው ጩኸት ነው። የማታ ሥራ አድሮ የሚገባ ጎረቤት፣ ሕፃን የምታስተኛ እናት ከግድግዳው ወዲያ አሉ። እግዚአብሔር ሹክሹክታን ይሰማል፤ የሐናን ከንፈር ብቻ አይቶ ሰክራለች ያለው ካህኑ ነበር።

ጳውሎስ በሮም ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራይ ሆኖ እንደኖረ ሐዋርያት ሥራ 28 ይነግረናል፤ አዋጃችን ካስቀመጠው ዝቅተኛ ዘመን ጋር እኩል መሆኑ ያስገርመኛል። እስረኛ ነበር። የሚጠብቀው ወታደር አብሮት ስለነበር ደባል የመምረጥ ዕድል አላገኘም። የከሳሾቹ ጉዳይ አልተቋጨም፤ ሰንሰለቱም ይታይ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ቤቱን ያከራየው ማን እንደሆነ፣ ሃይማኖቱም ምን እንደሆነ ሉቃስ አልጻፈልንም። ጳውሎስ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ ይቀበል ነበር። ባለቤቱ «እንግዳ አይብዛ» ብሎት እንደነበረ ደግሞ የሚታወቅ ነገር የለም።